የብስኩት ጣሳው እንቆቅልሽ

ዘውድነሽ ዋቅጅራ ኮምፒውተሩን ይዛ ወደ ቤት የመጣች ዕለት የካ ዳገት ላይ ሥራ የሚባል ነገር ቆመ። ጥቅምት 1980 ዓ.ም. ነው። ዘውድነሽ ሲግናል አካባቢ በሚገኝ አንድ የውጭ አገር የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። አለቃዋ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ "ከዚህ ቢሮ ሰው ሁሉ ይህን ዕቃ የማትፈሪው አንቺ ብቻ ነሽ" ብሎ የገዛ ኮምፒውተሩን ከነፈቃድ ወረቀቱ ሰጣት። የቢሮው መኪና ከታች አስፋልቱ ዳር አራግፏት ተመለሰ፤ ከዚያ በላይ ያለው የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥን የሚመስለው ክፍል በአንድ ኩሊ ትከሻ፣ ከባዱ ሣጥን በሌላው ጀርባ፣ ባለ ፊደሉ ገበታ ደግሞ በራሷ በዘውድነሽ ደረት ታቅፎ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ሰልፍ ሠርተው ወጡ። ጎረቤቱ ቴሌቪዥን የገዛች መስሎት እልል አለ። እሷም "ቴሌቪዥን አይደለም" ማለት ስለከበዳት እየሳቀች ዳገቱን ጨረሰች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተክሌ ደረሰ። ዕቃውን ከፊት አየው፣ ከኋላ አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው።

"ይህ ነገር ከውጭ ጋር ይነጋገራል?" ሲል ጠየቀ።

"ኧረ ከእኔም ጋር ገና አልተግባባም፣ ጓድ ተክሌ" አለች ዘውድነሽ። "የጽሕፈት መኪና ነው። ልዩነቱ የጻፉበትን አይረሳም።"

"አይረሳም" የምትለው ቃል ለጓድ ተክሌ ጆሮ አልተመቸችም። ፊቱ ሲከብድ ያዩት የዘውድነሽ አባት አቶ ዋቅጅራ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። አቶ ዋቅጅራ ዕድሜያቸውን በእንጦጦ ደን ጠባቂነት የጨረሱ፣ እንቆቅልሽ የሚወዱ ሰው ናቸው። መውደድ ሲባል እንዲሁ መውደድ አይደለም፤ ዛፍ ሊቆርጥ የመጣን ሰው ይዘው ሳለ እንቆቅልሽ ጠይቀውት፣ ስለመለሰ በምክር ብቻ ለቀውታል ይባላል።

"እንቆቅልህ" አሉት ሊቀመንበሩን።

ጓድ ተክሌ ደነገጠ። በዚያ ቀበሌ ጠያቂው እሱ ነው፤ እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። "ምን አውቅልዎ" አለ ሳያስበው።

"ሳይበላ ይወፍራል፣ ሳይታመም ይከሳል።"

ጓድ ተክሌ ኮፍያውን አወለቀ። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ፊቱ በራና "ጨረቃ!" አለ። ዘውድነሽ ወዲያው ጥያቄውንም መልሱንም መታችውና በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አሳየችው። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል ስለማያውቅ የጻፈችው በፈረንጅ ፊደል ነው። ሊቀመንበሩ ጣቱን እያስኬደ "ጨ... ረ... ቃ" ብሎ አነበበና የገዛ ቃሉ ሲያበራ በማየቱ እንደ ሕፃን ሳቀ። ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ መመሪያ ሰጠ። "እንቆቅልሽ ብቻ ከሆነ የሚጻፍበት፣ ችግር የለውም።"

እንግዲህ መመሪያ ተሰጥቷል፤ እንቆቅልሽ መጻፍ ጀመሩ። ዘውድነሽ ከሥራ ስትመለስ አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቋታል። ከሱሉልታ ከልጅነታቸው ያመጡት በኦሮምኛ፣ ከደን ጠባቂ ጓደኞቻቸው የሰሙት በአማርኛ፣ አንዳንዱም ከሁለቱ የተዳቀለ፣ እንደ ምንጭ ይወርድ ጀመር። ሴት ልጅ በአባቷ እንዲህ ስትስቅ፣ አባትም በልጁ እንዲህ ሲስቅ ያ ቤት አይቶ አያውቅም። የሚጻፈው ሁሉ የሚገባው በአንዲት ጥቁር፣ ስስ፣ መሐሏ ቀዳዳ በሆነች አራት ማዕዘን ዲስክ ላይ ነው። እሷ ከሌለች ኮምፒውተሩ ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ሲያጠፉት የሚይዘው ነገር የለም።

የካቲት ላይ ያቺ ዲስክ መስኮት ሥር ተረስታ ፀሐይ መታትና ጎበጠች። ያገኟት የዘውድነሽ እናት ወይዘሮ አሳየች ናቸው። ወይዘሮ አሳየች የተጨማደደ ነገር ማየት አይችሉም። ካውያ አሞቁ፣ ንጹሕ ነጠላ ጣል አደረጉባት፣ ውኃ ረጨት አድርገው ቀስ ብለው ተኮሷት። ዘውድነሽ ስትመጣ ዲስኳ እንደ መሥመሪያ ቀጥ ብላ ጠበቀቻት።

"አየሽ፣ አዲስ አስመሰልኳት" አሏት።

ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ጓ አለ፣ ሁለተኛ ጓ አለ፣ ከዚያ ምንም እንደማይታየው በእንግሊዝኛ ተናገረ። ዘውድነሽ እንባዋ ሊመጣ ሲል አባቷን አየቻቸው፤ አባቷ ሚስታቸውን አዩ፤ ወይዘሮ አሳየች ካውያውን ከኋላቸው ደብቀው ቆመዋል። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ዋቅጅራ ናቸው። ሦስቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ሲበቃቸው አቶ ዋቅጅራ እንዲህ አሉ፦ "አንድ ጊዜ ደግሜ እነግርሻለሁ። ሦስተኛ ግን አልናገርም። ያን ጊዜ የነገሩኝ ሰዎች ሞተዋል፤ እኔም በተናገርኩት ቁጥር አንዳንዱ እየሾለከ ነው።"

ስለዚህ ሁለተኛው የመጻፍ ድካም ሲያልቅ፣ ሰኔ ላይ፣ ዘውድነሽ ምን ላይ እንደምታስቀምጠው አጥብቃ አሰበች። በእጇ ያሉት ባዶ ዲስኮች ጥቂት ናቸው፤ ወረቀት ላይ እንዳታትመው የማተሚያ መሣሪያ የላትም። አንዱን ዋና አድርጋ ሌሎቹን ቅጂ ልታደርግና በተለያየ ቤት ልታሳድራቸው ወሰነች። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው አለ። ቀሪው ጥያቄ የማን ቤት፣ ምን ውስጥ የሚለው ነው። የዲስኩ መያዣ ከረጢት ላይ የተሳሉ ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩ። ቤተሰቡ ሰብሰብ ብሎ መረመራቸው። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ እሱን በእሳት ተምረውታል። ሁለተኛው ጣት ነው፤ አትንካኝ ማለት ነው። ሦስተኛው የታጠፈ ዲስክ ነው። አራተኛው ግን ግራ አጋባቸው፤ እንደ ቀለበት ጎብጦ ጫፉ ያልገጠመ ነገር ነው።

"የፈረስ ኮቴ ብረት ነው" አሉ አቶ ዋቅጅራ ያለ ጥርጥር። "ፈረስ አይርገጠው ማለት ነው።"

"በኛ ቤት ፈረስ አይገባም" አለች ዘውድነሽ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አንዱን ቅጂ አቶ ዋቅጅራ ወሰዱ። ለዘር የሚሆን በቆሎ ነቀዝ እንዳይበላው ከማድቤቱ ጣሪያ ሥር ጭስ ላይ እንደሚሰቅሉት፣ ዲስኩንም ቅል ውስጥ ከተው እዚያው ሰቀሉት። ለወይዘሮ አሳየች ምንም አልተሰጣቸውም። ሁለተኛውን ዘውድነሽ ከከረጢቱ አውጥታ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ለሰቦቃ ሰጠችው።

ሰቦቃ ሲግናል ላይ ራዲዮ ይጠግናል። በጴንጤዎቹ መዘምራን ውስጥ አኮርዲዮን የሚጫወተው እሱ ነው፤ ማምለኪያቸው በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ መዘምራኑ በየቤቱ መስኮት ዘግተው ሲዘምሩ፣ አኮርዲዮኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚጫወት ሰው ነው። የኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ ያስተካከለላትም እሱ ነው። ለማስተካከል አንድ ቀን ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ስንት ጊዜ ዳገቱን እንደወጣ የሚያውቀው ጫማው ብቻ ነው። ዘውድነሽም ሽቦው ደህና መሆኑን እያወቀች "እስቲ እንደገና እየው" ትለው ነበር።

ሦስተኛውን ቅጂ ለጋሽ ከድር ለመስጠት ሁለቱ አብረው ወደ ወሰን ሰፈር ወረዱ። ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው፣ ሸቀጥ ቤት ያላቸው፣ የአባቷ የረጅም ዘመን ወዳጅ ናቸው። መንገድ ላይ ሰቦቃ በድንገት እንዲህ አለ፦

"ዲስኩ ከኔ ዘንድ ደህና ከወጣ ሽማግሌ ልልክ ነው።"

ዘውድነሽ እግሯ ድንጋይ ስቶ ልትወድቅ ነበር። "ካልወጣስ?"

"ካልወጣማ በምን አፌ እልካለሁ? አንድ ዲስክ መጠበቅ ያልቻለ ሰው።"

እሷም እንደ ቀልድ አድርጋ፣ ልቧ ግን እየዘለለ፣ "እንግዲያው ሕጉ ይኸው ነው፤ ሽማግሌ የሚልከው ዲስኩ የዳነለት ሰው ነው" አለች። ይህን ስትል ሸቀጥ ቤቱ ደጃፍ ደርሰው ነበርና ጋሽ ከድር ሰሙ።

"ይህ ሕግ እኔንም ይጨምራል?" አሉ ዲስኩን እየተቀበሉ።

"ይጨምራል፣ ጋሽ ከድር።"

"መልካም" አሉና ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ብስኩቱን ካወጡለት ጣሳ ውስጥ አስገቡት። ክዳኑን አሽገው ከሌሎቹ የብስኩት ጣሳዎች መሐል ደረደሩት። "ሌባ የሚፈልገው የተደበቀ ዕቃ ነው። ጣሳ ከጣሳ መሐል ማን ያየዋል? እኔ እንድለየው ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።"

ያ ክረምት ክፉ ሆነ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንጦጦ ጠቁሮ ጠቁሮ በረዶ ለቀቀ። የነዘውድነሽ ቤት ጣሪያ ተበሳና ውኃው ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ቀጥ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ወረደ። ዋናው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ በጭቃ ውኃ ሲዋኝ ተገኘ። ሰቦቃ በዝናቡ ሮጦ መጣ። ኮምፒውተሩን ፈታው፤ እያንዳንዷን ብልት በጨርቅ ጠረጋት፣ አደረቃት፣ የተቃጠለውን ከአሮጌ ራዲዮ ባወጣው ዕቃ ተካው። የዚያን ሰሞን ከሱቁ ይልቅ እነሱ ቤት ይታይ ነበር። ጳጉሜን ላይ ማብሪያውን ሲጫነው አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች፤ ወይዘሮ አሳየች ግንባሩን ሳሙት።

"አሁን ቅጂዎቹ ይምጡ" አለች ዘውድነሽ።

መጀመሪያ ቅሉ ወረደ። ዲስኩ ሲወጣ እንደ ተጨሰ ቋንጣ ይሸታል፤ ሙቀቱም ጠቅልሎታል። ወይዘሮ አሳየች "ልተኩሰው?" ሲሉ ሁሉም በአንድነት "አይሆንም" አሏቸው። ኮምፒውተሩ ሊቀምሰውም አልፈለገም። አቶ ዋቅጅራ ቅሉን አገላብጠው አዩና "በቆሎ ቢሆን ኖሮ ይበቅል ነበር" አሉ።

ከዚያ ሰቦቃ ጨርቁን ፈታ። የሱ ዲስክ ጠረን የለው፣ ጉብጠት የለው፣ ያብረቀርቃል። ዘውድነሽ አስገባችው። ኮምፒውተሩ ጓ፣ ጓ አለና በእንግሊዝኛ ያንኑ የድሮውን ተናገረ። እንደገና ሞከረች። ያው ነው።

"የት ነበር ያስቀመጥከው?" አለችው ቀስ ብላ።

"ከሱቄ ሁሉ ደረቅና ሞቅ ያለው ቦታ። ከትልቁ ራዲዮ ሆድ ውስጥ፣ ከስፒከሩ ጀርባ። አቧራ አይደርስበት፣ አይጥ አይደርስበት..." እያለ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የዲስክ ከረጢት ዓይኑ አየ። አነሳው። ቀለሙ ተለወጠ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ጎባጣውን ሥዕል እያሳየ።

"የፈረስ ኮቴ ነው" አሉ አቶ ዋቅጅራ።

"አባቴ፣ ይህ ፈረስ አይደለም። ማግኔት ነው። ማግኔት የተጻፈውን ያጠፋዋል። ስፒከር ውስጥ ያለውም ማግኔት ነው።" ይህን ብሎ ዲስኩን ደረት ኪሱ ከተተና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቁጭ አለ። ዘውድነሽ ልታዝንለት ፈለገች፤ ሳቁ ግን ቀደማት። አፏን በእጇ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ደጅ ስትደርስ የሽማግሌው ነገር ትዝ አላትና ሳቋ በአንዴ ተቆረጠ።

የቀረው የጋሽ ከድር ጣሳ ነው። ሁለቱ ዳገቱን በሩጫ ወርደው በውይይት ታክሲ ወሰን ደረሱ። ጋሽ ከድር በፈገግታ ተቀበሏቸው፤ ወደ መደርደሪያው ዞሩ፤ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጣሳዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የተገለበጠ የለም።

"ትናንት ለበዓሉ መደርደሪያውን ሳጸዳ..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቋቸው። ሁሉም በብስኩት ድምፅ መለሱ። "ሸጬዋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ዛሬ ጠዋት። ለወይዘሮ የማርያምወርቅ። የወንድሟ ልጅ እንጦጦ ላይ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ነው የገዛችው። ቀለል አለብኝ ስትለኝ፣ 'አዲሱ ብስኩት ስስ ነው' አልኳት።"

ዘውድነሽ መሳቅ አልፈለገችም። ግን ሰቦቃ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና አልቻለችም። ጋሽ ከድርም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ ከጁምዓ ሶላት በቀር ለማንም ዘግተውት የማያውቁትን ሱቅ ዘጉ። ብስኩት ያለበት እውነተኛ ጣሳ ለሰቦቃ አሸከሙትና "ቢስሚላሂ፣ ውጡ" አሉ።

ከየካ ጀርባ ያለው ዳገት ለዝናብ ወቅት የሚመከር አይደለም። ጭቃው ጫማ ይይዛል፤ ጉሙ ባሕር ዛፉን ከወገቡ በላይ ውጦታል። ጋሽ ከድር በየጥቂቱ ቆመው ወገባቸውን ይይዛሉ፤ "ንግድ እንዲህ ያለ ነገር ነው፣ ሸጠህ ትሮጣለህ" ይላሉ። ሰቦቃ ጣሳውን ታቅፎ አንዴ ተንሸራተተ፤ ጣሳውን ከጭቃ ለማዳን በጀርባው ወደቀ። ዘውድነሽ እጇን ሰጥታ ስታነሳው፣ የያዘችውን እጅ መልቀቅ ረሳች። እሱም አላስታወሳትም። ጋሽ ከድር ወደ ዛፉ ጫፍ እያዩ አለፏቸው።

የአራሷ ቤት ከዳገቱ ራስጌ ላይ፣ ከዛፎቹ መሐል ብቻውን ቆሟል። በሩን የከፈቱላቸው የባሏ እናት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው። ጋሽ ከድር "እንኳን ማርያም ማረቻት" ብለው ገቡ፤ ዘውድነሽም ተከተለች። መደርደሪያው ላይ ጣሳው ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። ዘውድነሽ ወደ ጣሳው ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። ከዚያ ወደ አልጋው ቀና ስትል አየችው። ጥቁሩ ዲስክ በመሐሉ ቀዳዳ ቀይ ክር ገብቶለት ከሕፃኑ ራስ በላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀስ እያለ ይዞራል።

"ብስኩት ነው ብለን ብንከፍተው ክታብ ወጣ" አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ በአድናቆት። "የማርያምወርቅ ዝም ያለች ሴት ናት፤ አዋቂ መሆኗን አላወቅንም ነበር። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም። ይህን ብንሰቅልለት እነሆ፣ ከቀትር ጀምሮ ተኝቷል።"

ዘውድነሽ ከሰማይ በታች ያለውን ምክንያት ሁሉ ደረደረች። ክታብ አይደለም አለች። የኮምፒውተር ዕቃ ነው አለች። የአባቷ እንቆቅልሽ የተጻፈበት ነው አለች።

"እንቆቅልሹማ ይኸው፣ ልጁ ተኝቷል" አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። "ተጻፈበት ያልሽው ራሱ ነዋ ክታብ።"

አራሷ ከብርድ ልብሱ ሥር ትስቃለች። ጋሽ ከድር ብስኩቱን አቀረቡ፤ ብስኩቱ ምስጋና ተሰጥቶት ተቀመጠ፣ ዲስኩ ግን ከቦታው አልተነሳም። ያን ጊዜ ሰቦቃ ደረት ኪሱን ዳሰሰ። የሞተውን ዲስክ አወጣና በሁለት እጁ ለወይዘሮ ወለተሥላሴ ዘረጋላቸው።

"እናቴ፣ በዚያኛው ላይ ብዙ ጥያቄ ተጽፎበታል። ልጅ ደግሞ ጥያቄ በበዛበት ቦታ ብዙ አይተኛም። በዚህኛው ላይ ምንም አልተጻፈም። ፍጹም ጸጥታ ነው። እኔ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት።"

ወይዘሮ ወለተሥላሴ አዲሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አደረጉት፣ አሸተቱት። "ይህኛው ያበራል" አሉ። ክሩን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ሕፃኑን አየ። ሕፃኑ አፉን አሽሞጠሞጠና እንቅልፉን ቀጠለ። ዘውድነሽ የዳነውን ዲስክ በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች፣ እየወደቀች፣ እየተነሳች፣ ጋሽ ከድርን "ቀስ በይ፣ ልጄ" እያስባለች ወረደች።

ቤት ሲደርሱ መብራት የለም። ቁጭ ብለው ሻይ ጠጡ፤ የሻዩን ጣዕም ግን ያስተዋለ የለም። መብራቱ ሲመጣ ዘውድነሽ ዲስኩን አስገባች። ጓ አለ። ጸጥ አለ። ከዚያ ፊደሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ጥሬ ፈሰሰ። አቶ ዋቅጅራ የፈረንጁን ፊደል ማንበብ አይችሉም፤ ግን መጀመሪያ ላይ የቱ እንደተጻፈ ያውቃሉና እጃቸውን የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አድርገው፣ ፈጣሪን በኦሮምኛ ጠርተው "ዋቃዮ፣ ጨረቃዬ" አሉ። ዘውድነሽ ሳትቀመጥ፣ ሌላ ሳትሠራ፣ ባሏት ባዶ ዲስኮች ሁሉ ላይ ቀዳችው። ከዚያ ወዲያ በየወሩ እያወጣች ታነባቸው ነበር፤ ማስቀመጥ ብቻውን መጠበቅ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ሰቦቃ ግን በር ላይ ቆሞ ነበር። "እንግዲህ እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ" አለ። "የኔ አልዳነም። አልልክም።" ሰውየው ቃሉን አክባሪ ነው። ዘውድነሽ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ቃል አክባሪ ሰው አስጠልቷት አያውቅም።

ጋሽ ከድር ሻያቸውን አስቀመጡ። "ሕጉ ምን ነበር? ሽማግሌ የሚልከው ዲስኩ የዳነለት ነው። የዳነው የማን ነው?"

"የእርስዎ" አለች ዘውድነሽ በቀጭን ድምፅ።

"እኔ ሚስት አለኝ፤ አላህ ያቆያት። ስለዚህ መብቴን ለሚያስፈልገው ሰው ሰጥቻለሁ። ሽማግሌውም እኔው ነኝ። ለመስቀል ማግስት ቤት ሁኑ።" ብለው ወጡ። ሰቦቃ ሊያመሰግናቸው ተከትሎ ሮጠ፤ ሲሮጥ ጫማው አንዱ ቀርቶ እንደነበር ያየው ታች ሲደርስ ነው።

በመስቀል ማግስት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ጋሽ ከድር፣ ከመዘምራኑ በኩል ከእንጦጦ ማዶ የመጡት አቶ ዲንሳ የሚባሉ ዝምተኛ አዛውንት፣ እና "እኔም የነገሩ መነሻ ላይ ነበርኩ" ያለው ጓድ ተክሌ። ዘውድነሽ በወጉ መሠረት ጓዳ ገብታ መጋረጃው ኋላ ቆማለች። እናቷ ዝም እንድትል ክንዷን ይዘዋታል። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ፤ አቶ ዋቅጅራ "ተቀመጡ" ሲሉ አንቀመጥም አሉ፤ ጋሽ ከድር ነገሩን አሳምረው ተናገሩ። አቶ ዋቅጅራ አዳምጠው ጨረሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንቆቅልሽ አለኝ" አሉ። "ከመለሳችሁ ነገሩ ያልቃል። ስትኖር ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልትወጣ ስትል ቤቱ ይሞላል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ዲንሳ "ንብ" አሉ። አይደለም። ጋሽ ከድር "ነፍስ" አሉ፤ አይደለም።

"አቃታችሁ" አሉ አቶ ዋቅጅራ ደስ እያላቸው። "አገር ስጡኝ።"

"ወሰንን ከነሸቀጡ ሰጥቼሃለሁ" አሉ ጋሽ ከድር።

"እኔ አገር የመስጠት ሥልጣን የለኝም" አለ ጓድ ተክሌ ከልቡ ተጨንቆ። "የበላይ አካል መጠየቅ አለብኝ።"

"ወሰን አይበቃኝም። ሌላ አገር ጨምሩ፤ ካልሆነ መልሱ እስኪገኝ ትመለሱና ሌላ ቀን..."

"ሙሽራ ናት!" አለች ዘውድነሽ ከመጋረጃው ኋላ።

ወይዘሮ አሳየች የልጃቸውን ክንድ ለቀው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ዘውድነሽ የተናገረችው ምን እንደሆነ የገባት ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ጋለ። ከሳሎኑ በኩል መጀመሪያ የተሰማው የዝምተኛው አዛውንት የአቶ ዲንሳ ሳቅ ነው፤ ከዚያ የሌሎቹ ተከተለ።

"እንግዲህ" አሉ አቶ ዋቅጅራ፣ እየሳቁ፣ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "መልሱን የነገሩ ባለቤት ከሰጠች እኔ ማን ነኝ? ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።